«ያለ ክፍያ» የተባለው አፕ ገንዘቤን ለምን ያዘው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ ጠያቂያችን ውጭ አገር ለሚኖሩ እናታቸው በየወሩ 500 ዶላር ይልካሉ። እስካሁን የሚልኩት በባንክ ነበር። ክፍያው ስለበዛባቸው «ያለ ክፍያ፣ በደቂቃዎች» የሚል አፕ ጭነው ላኩ። ገንዘቡ ከካርዳቸው ተነሥቷል፤ አፑ ግን «በማጣራት ላይ» ካለ ሁለት ቀን ሆነው። «ገንዘቤ ጠፋ ማለት ነው? ድጋሚ ልላክ? ወደፊትስ አንዱን አገልግሎት ከሌላው በምን ልለይ?» ይላሉ።

አገልግሎቱ ፈቃድ ያለው ከሆነ ገንዘብዎ አልጠፋም፤ ድርጅቱ ዘንድ ተይዞ ነው ያለው። ማጣራቱ ሲያልቅ ወይ ለእናትዎ ይለቀቃል፣ ወይ ወደ መጣበት ካርድ ይመለሳል። ድጋሚ ግን በፍጹም አይላኩ። በሁለት ቀን ውስጥ ለአንድ ሰው ተመሳሳይ መጠን ሁለት ጊዜ መላክ ለተቆጣጣሪው ሥርዓት ራሱን የቻለ የጥርጣሬ ምልክት ነው፤ የመጀመሪያውን ያዘገየዋል እንጂ አያፋጥነውም። ሁለቱም አንድ ላይ ከተለቀቁ ደግሞ እናትዎ ዘንድ 1000 ዶላር ይደርሳል፤ ገንዘቡ ተቀባዩ እጅ ከገባ በኋላ አገልግሎቱ መልሶ ሊያመጣልዎ አይችልም።

ለመሆኑ ምን እያጣሩ ነው? ማንኛውም ፈቃድ ያለው የሐዋላ ድርጅት የላኪንም የተቀባይንም ስም ከማዕቀብ ዝርዝሮች ጋር የማመሳከር ግዴታ አለበት። ማመሳከሩን የሚሠራው ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ትክክለኛውን ስም ብቻ ሳይሆን የሚቀራረበውንም ይይዛል። ከላቲን ውጭ በሆነ ፊደል የሚጻፍ ስም ወደ ላቲን ሲገለበጥ በሦስትና በአራት ዓይነት ስለሚጻፍ፣ ከማያገናኘው ሰው ስም ጋር መመሳሰሉ የተለመደ ነው። ያኔ ሠራተኛ ገብቶ በዓይኑ እስኪያየው ድረስ ይቆማል። አዲስ ደንበኛ ሲሆኑ ድርጅቱ ስለ እርስዎ የሚያውቀው ስለሌለ፣ ብዙ ጊዜ የሚያዘው የመጀመሪያው ዝውውር ነው። ይህ ጥፋት እንደሠሩ ተቆጥሮ የሚደረግ ነገር አይደለም።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። ኢሜይልዎን፣ በተለይ የማይፈለጉ መልእክቶች የሚጠራቀሙበትን ሳጥን ይክፈቱ። ቀጥሎ አፑ ውስጥ ገብተው በራስዎ መገለጫ ሥር ያለውን የሰነዶች ገጽ ይዩ። ዝውውሩ ለቀናት የሚቆመው ብዙውን ጊዜ ድርጅቱ የላኪውን መልስ እየጠበቀ ሳለ ላኪው ጥያቄው መምጣቱን ባለማየቱ ነው። የሚጠየቁት ከሦስት ነገር አይወጣም፦ መታወቂያ፣ የመኖሪያ አድራሻ ማስረጃ፣ የገንዘቡ ምንጭ። ለአድራሻ የመብራት ወይም የውሃ ሂሳብ ወይም የባንክ መግለጫ ይበቃል፤ ከሦስት ወር ያልበለጠ ቢሆን ይመረጣል። ለገንዘብ ምንጭ የደሞዝ ወረቀት፣ ወይም ደሞዙ ሲገባ የሚያሳይ የባንክ መግለጫ ያቅርቡ። የባንክ መግለጫውን ከባንኩ በፒዲኤፍ አውርደው ይላኩ እንጂ የስልክዎን ስክሪን ፎቶ አንሥተው አይላኩ፤ አብዛኞቹ ድርጅቶች አይቀበሉትም።

የመታወቂያው ፎቶ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ የሚመለስበት እዚህ ስለሆነ። ፓስፖርት ከሆነ ፎቶው ካለበት ገጽ ግርጌ፣ በፊደል፣ በቁጥርና በቀስት ራስ ምልክቶች የተሞሉ ሁለት መስመሮች አሉ። እያንዳንዳቸው 44 ምልክት የያዙ ሲሆን በማሽን እንዲነበቡ የተዘጋጁ ናቸው፤ በውስጣቸውም ስሕተት ማጣሪያ ቁጥር አለ። አውራ ጣትዎ አንዷን ምልክት ከሸፈነ፣ ወይም የፕላስቲኩ ነጸብራቅ ቁጥር ካጠፋ፣ ስሌቱ አይገጥምም፤ ማሽኑም ፎቶውን ይጥለዋል። ስለዚህ ፓስፖርቱን የማያብለጨልጭ ጠቆር ያለ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ፍላሹን አጥፍተው፣ መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ያንሡት። አራቱም ማዕዘኖች ይታዩ፤ በዙሪያው አንድ ጣት ያህል ጠረጴዛ ይቅር። ከዚያ ፎቶውን አጉልተው ታችኛዎቹን መስመሮች ከዳር እስከ ዳር ያንብቡ። እርስዎ ያላነበቡትን ማሽኑም አያነብም።

ሌላው የሚያስጥለው ስም ነው። አፑ ላይ የተመዘገቡት በሚጠሩበት ስም ከሆነና መታወቂያው ላይ ያለው ሙሉ ስም ከተለየ፣ ዝውውሩ አያልፍም። የከፈሉበት ካርድ በባለቤትዎ ወይም በልጅዎ ስም ከሆነም እንዲሁ፤ አብዛኞቹ አገልግሎቶች የሚቀበሉት የላኪውን የራሱን ካርድ ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነ ማስረዳቱ ስለማያዋጣ ዝውውሩን ሰርዘው በራስዎ ካርድ እንደገና ይጀምሩ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አገልግሎቱ ፈቃድ ያለው መሆኑ መረጋገጥ አለበት። አፑ ውስጥ «ስለ እኛ» ከሚለው ወይም ከደንቡ ግርጌ የድርጅቱን ሕጋዊ ስምና የፈቃድ ቁጥር ያገኛሉ። ሕጋዊው ስም ከንግድ ስሙ ሊለይ ስለሚችል ቁጥሩን ይያዙ። ከዚያ ራስዎ ወደ ተቆጣጣሪው ድረ ገጽ ሄደው ይፈልጉት፦ እንግሊዝ ከሆኑ የፋይናንስ ሥነ ምግባር ባለሥልጣን (ኤፍሲኤ) መዝገብ፣ አሜሪካ ከሆኑ የፊንሴን (የገንዘብ ሚኒስቴሩ የፋይናንስ ወንጀል ተከታታይ ክፍል) መዝገብና የሚኖሩበት ክፍለ ግዛት ፈቃድ፣ ሌላ አገር ከሆኑ ብዙውን ጊዜ የማዕከላዊ ባንኩ ዝርዝር። አፑ ራሱ በሰጠዎ ሊንክ አይሂዱ፤ የውሸት ድርጅት የውሸት መዝገብ ለመሥራት አይቸገርም።

ፈቃድ አለው ማለት ግን ባንክ ነው ማለት አይደለም። ለምሳሌ በእንግሊዝ የክፍያ ድርጅቶች የደንበኛን ገንዘብ ከራሳቸው ለይተው የማስቀመጥ ግዴታ አለባቸው፤ ነገር ግን የባንክ ተቀማጭን የሚሸፍነው የመድን ዋስትና እነሱ ዘንድ ያለውን ገንዘብ አይሸፍንም። ስለዚህ አፑን መላኪያ እንጂ ማጠራቀሚያ አያድርጉት። በሚልኩበት ቀን ያስገቡ፣ ይላኩ፣ ምንም አያስቀሩበት።

አሁን ወደ ዋጋው። «ያለ ክፍያ» የሚለው ቃል ውሸት ባይሆንም ሙሉ እውነት አይደለም። ድርጅቱ የሚያተርፍበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንዱ በግልጽ የሚጻፈው ክፍያ፣ ሌላው ምንዛሪው ውስጥ የተደበቀው ልዩነት ነው። ባንኮች እርስ በርስ በሚገበያዩበት የመካከለኛ ገበያ ምንዛሪ 1 ዶላር 0.92 ዩሮ ነው እንበል። አንደኛው አፕ ክፍያ አይጠይቅም፤ ምንዛሪው ግን 0.885 ነው። የእርስዎ 500 ዶላር 442.50 ዩሮ ሆኖ ይደርሳል። ሁለተኛው 5 ዶላር ያስከፍልና ቀሪውን 495 ዶላር በ0.92 ይመነዝረዋል፤ 455.40 ዩሮ ይደርሳል። «ነፃ» የተባለው በ12.90 ዩሮ ተወደደ ማለት ነው። በዶላር ሲሰላ የመጀመሪያው ወደ 19 ዶላር ወስዷል፣ ሁለተኛው 5 ዶላር ብቻ። በየወሩ ለሚልክ ሰው ይህ በዓመት 155 ዩሮ ያህል ልዩነት ነው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የቀረቡ ናቸው፤ አሠራሩ ግን ትክክል እንዲህ ነው።

ስለዚህ የሚያወዳድሩት ክፍያን ከክፍያ፣ ወይም ምንዛሪን ከምንዛሪ አይደለም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ ከእኔ ሒሳብ በድምሩ 500 ዶላር ቢወጣ እናቴ እጅ ስንት ይገባል? ሦስት አፕ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከፍተው፣ አንድ ዓይነት መክፈያና አንድ ዓይነት መቀበያ መርጠው፣ የመጨረሻዋን ቁጥር ብቻ ይጻፉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልኩት ምንዛሪ ቀኑን ሙሉ ስለሚዋዥቅ ነው፤ የጠዋቱን ዋጋ ከማታው ጋር ማወዳደር ያሳስታል። አንድ ወጥመድም አለ። ብዙዎቹ አገልግሎቶች ለመጀመሪያው ዝውውር ብቻ ከገበያው የተሻለ ምንዛሪ ይሰጣሉ፣ ያውም እስከ ተወሰነ መጠን። ለአዲስ ደንበኛ የተሰጠውን ዋጋ አይተው አፑን «ርካሽ» ብለው አይፈርጁት። እውነተኛ ዋጋውን የሚያዩት በሁለተኛው ወር ነው፤ ያኔ ደግመው ያወዳድሩ።

በባንክ ሲልኩ ለምን ይወደድብዎ እንደነበርም ቢያውቁት ይጠቅማል። ባንክዎ ከእናትዎ ባንክ ጋር ቀጥታ ግንኙነት ከሌለው ገንዘቡ በመካከል ባለ ሌላ ባንክ፣ አንዳንዴ በሁለት፣ ያልፋል፤ እያንዳንዱም የራሱን ይቆርጣል። ባንኮቹ ስለ ዝውውሩ የሚነጋገሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተው ስዊፍት የተባለ መረብ መልእክት ያስተላልፋል እንጂ ገንዘብ አይዝም። አፖቹ የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነው። በተቀባዩ አገር ካለ ባንክ ወይም ወኪል ዘንድ አስቀድመው ገንዘብ ያስቀምጣሉ። እርስዎ እዚህ ሲከፍሉ እናትዎ የሚቀበሉት እዚያው ከተቀመጠው ነው፤ የድርጅቱና የወኪሉ ሒሳብ በኋላ ይወራረዳል። «በደቂቃዎች» የሚለው የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የእርስዎ ገንዘብማ ገና ድንበር አልተሻገረም። የዓለም ባንክ የሐዋላን ዋጋ ሲከታተል ባንኮችን በጣም ውድ መንገድ አድርጎ ይመዘግባቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት የሐዋላ ወጪ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ግብ ቢያስቀምጡም፣ 200 ዶላር ለመላክ የሚያስፈልገው የዓለም አማካይ ወጪ አሁንም ከ6 በመቶ በላይ ነው። የእርስዎን ወጪ በመቶኛ አስልተው ከዚህ ጋር ያስተያዩት። ለትልቅ መጠን ግን፣ ለምሳሌ ቤት ለመግዛት ከሆነ፣ የባንኩን ዋጋ ደግመው ይጠይቁ፤ ክፍያው ቋሚ ከሆነ መጠኑ ሲጨምር ድርሻው ይቀንሳል፣ አፖቹ ደግሞ የመጠን ጣሪያ አላቸው።

መክፈያው ላይ የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፦ ክሬዲት ካርድ አይጠቀሙ። ብዙ የካርድ ባንኮች ሐዋላን እንደ ግዢ ሳይሆን በካርድ ጥሬ ገንዘብ እንደ ማውጣት ይቆጥሩታል፤ የተለየ ክፍያ ይጨምራሉ፣ ወለዱም የሚታሰበው ከዚያው ቀን ጀምሮ ነው። አፑ ላይ ይህ አይታይም፤ የሚታየው በወሩ መጨረሻ የካርዱ መግለጫ ላይ ነው። ዴቢት ካርድ ፈጣን ነው፤ ቀጥታ ከባንክ ሒሳብ ማስተላለፍ ብዙውን ጊዜ ርካሽ ሆኖ አንድ ሁለት የሥራ ቀን ይፈጃል። እናትዎ ለወሩ ቀለብ የሚጠብቁት ገንዘብ ከሆነ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ በርካሹ መላክ ለፍጥነት የሚከፈለውን ያስቀራል። አሜሪካ ላሉ አንባቢዎች፦ ከጥር 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ወይም በገንዘብ ትእዛዝ (መኒ ኦርደር) ተከፍሎ በሚላክ ሐዋላ ላይ 1 በመቶ ግብር አለ፤ በአሜሪካ ከተሰጠ ካርድ ወይም ከአሜሪካ ባንክ ሒሳብ በሚከፈል ላይ ግን የለም።

የተቀባይ መረጃ ሲሞሉ ከእናትዎ ጋር በስልክ ሆነው አይሙሉ፤ የመታወቂያቸውን ፎቶ ይላኩልዎና ስሙን ፊደል በፊደል ከዚያ ይገልብጡ። በጥሬ የሚቀበሉ ከሆነ ወኪሉ ጋ ያለችው ሠራተኛ የምታመሳክረው ስክሪኗ ላይ ያለውን ስም እጇ ላይ ካለው መታወቂያ ጋር ነው። አንድ ፊደል ቢደረብ ወይም የአባትና የአያት ስም ቢቀያየር ልትመልሳቸው ትችላለች፤ እናትዎ ያን ሁሉ መንገድ ሄደው ባዶ እጃቸውን ይመጣሉ። እንዲህ ያለ ስሕተት ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ከአፑ ላይ ወይም ወደ ደንበኛ አገልግሎት ደውለው ሊያስተካክሉት ይችላሉ። ተቀባዩን ወደ ሌላ ሰው መቀየር ግን እርማት አይደለም፤ ሰርዞ መጀመር ይጠይቃል።

ወደ ባንክ ሒሳብ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩን ይጠንቀቁ። አይባን የሚባለው ዓለም አቀፍ የባንክ ሒሳብ ቁጥር እስከ 34 ምልክት ይረዝማል፤ የጀርመን 22፣ የፈረንሳይ 27 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት አገሩን ያመለክታሉ፣ ቀጥለው ያሉት ሁለት ቁጥሮች ስሕተት ማጣሪያ ናቸው። አንድ ቁጥር ቢሳሳቱ ሥርዓቱ ይይዘዋል። ሙሉ በሙሉ ትክክል የሆነ የሌላ ሰው አይባን ካስገቡ ግን ማጣሪያው ምንም አይልም፤ ቁጥሩን እንጂ ባለቤቱን አያይምና። አይባን በማይጠቀሙ አገሮች ይህ ማጣሪያ እንኳ ላይኖር ይችላል። ለአዲስ ሒሳብ መጀመሪያ ትንሽ መጠን ልከው መድረሱን ካረጋገጡ በኋላ ቀሪውን መላክ ሁለት ክፍያ ቢያስወጣም ይሻላል። የመቀበያውን ገንዘብ ዓይነትም ይዩ፤ የእናትዎ ሒሳብ በአገራቸው ገንዘብ ሆኖ እርስዎ በዶላር ከላኩ ባንካቸው በራሱ ምንዛሪ ይለውጠዋል፤ አፑ ላይ ያወዳደሩት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

«አረጋግጥ» የሚለውን ከመንካትዎ በፊት ያለው የመጨረሻው ገጽ ላይ አራት ነገር ያንብቡ፦ ከእርስዎ የሚወጣውን ድምር፣ ምንዛሪውን፣ ለተቀባይ የሚደርሰውን መጠንና የሚደርስበትን ቀን። ገጹን በፎቶ ያስቀምጡት። በኋላ ክርክር ቢነሣ ማስረጃዎ እሱ ነው።

ስለ ማጭበርበር አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ልናገር፣ እንደ እርስዎ ገንዘባቸው ተይዞ የተጨነቁ ሰዎች ላይ የሚያነጣጥር ስለሆነ። ጭንቀቱ ሲበረታ ሰው የድርጅቱን ስልክ ከኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ከሚያገኛቸው አንዳንዶቹ አጭበርባሪዎች የለጠፏቸው ናቸው። «ልናስለቅቅልዎ ነው» ብለው በአጭር መልእክት የደረሰዎትን ኮድ ይጠይቃሉ፣ ወይም ስልክዎን ከርቀት የሚቆጣጠር ፕሮግራም ያስጭናሉ። እውነተኛው ድርጅት ያን ኮድ በፍጹም አይጠይቅም፤ የታገደ ለማስለቀቅም ተጨማሪ ክፍያ አይፈልግም። የሚያነጋግሩት አፑ ውስጥ ባለው የመልእክት ገጽ ብቻ ይሁን። በጥሬ መቀበያ ከሆነ የመቀበያ ቁጥሩንም (የዌስተርን ዩኒየን 10 አኃዝ፣ የመኒግራም 8 አኃዝ ነው) ከእናትዎ በቀር ለማንም አይስጡ። እናትዎ «ሒሳብ ቀይሬአለሁ፣ በዚህኛው ላኪልኝ» የሚል መልእክት ከላኩም፣ መልእክቱ ድምፃቸው ያለበት ቢሆን እንኳ፣ በቀድሞው ቁጥር ደውለው ሳያነጋግሯቸው አይላኩ።

ሐሳብዎን ከቀየሩ ፈጥነው ይሰርዙ። በአሜሪካ ሕግ ላኪ ከከፈለ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ፣ ገንዘቡ እስካልተወሰደ ወይም ሒሳብ ውስጥ እስካልገባ፣ ክፍያውን ጨምሮ ሙሉውን የማስመለስ መብት አለው። ስሕተት ከተፈጠረ ይደርሳል ከተባለበት ቀን አንሥቶ በ180 ቀን ውስጥ ማመልከት ይችላል፤ ድርጅቱ ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ መርምሮ መወሰን አለበት። በሌላ አገር ካሉ ተመሳሳዩን ከአገልግሎቱ ደንብ ላይ ከመላክዎ በፊት ይፈልጉ።

በመጨረሻ፣ አፑ «ተከፍሏል» ብሎ እናትዎ «አልደረሰኝም» የሚሉበት ቀን ቢመጣ፦ መጀመሪያ በተቀባዩ አገር የሥራ ቀን መሆኑን ያጣሩ፤ ዓርብ ማታ የተላከ ሰኞ ሊገባ ይችላል። አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ካለፈ ከአፑ የክፍያ ማረጋገጫ ሰነድ ይጠይቁ፤ የተቀባይ ባንክ የሚያውቀው የዝውውር ቁጥር ያለበት እንጂ የአፑ ደረሰኝ ብቻ አይሁን። በባንክ ልከው ከሆነ የሚጠይቁት ዩኢቲአር የሚባለውን 36 ምልክት ያለውን መከታተያ ቁጥር ነው፤ ገንዘቡ የትኛው ባንክ ላይ እንደቆመ በእሱ ይታያል። እናትዎ ያንን ወረቀት ይዘው ባንካቸው የውጭ ሐዋላ ክፍል ይሂዱ። ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ባንኩ ገብቶ፣ ስሙ ከሒሳቡ ጋር አልገጥም ስላለ መሸጋገሪያ ሒሳብ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል፤ ዝውውሩ በቁጥሩ ሲፈለግ ይገኝና መታወቂያቸው ታይቶ ሒሳባቸው ውስጥ ይገባል።